ኤምአይ-12፦ በዓለም ትልቁ ስለሆነው ሄሊኮፕተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሶቪየቶቹ ግዙፍ የጭነት ሄሊኮፕተር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤምአይ-12 ምንድን ነው?

እስከ ዛሬ ከበረሩት ሄሊኮፕተሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ሚካኢል ሚል ይመራው የነበረው የሶቪየት ዲዛይን ቢሮ በ1960ዎቹ የሠራው ከባድ የጦር ጭነት ማመላለሻ ነው። የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም በረሩ፣ ሁለቱም ተሞከሩ፣ ነገሩም እዚያው ላይ ቆመ። ፋብሪካ ገብቶ በብዛት አልተመረተም፤ ጦሩም አልታጠቀውም።

ቪ-12 የሚባለውስ ሌላ ነው?

አይደለም፣ እሱው ራሱ ነው። ቪ-12 ነዳፊዎቹ የሰጡት የሙከራ ስም ነው። ወደ ምርት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ኤምአይ-12 ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ስላልገባ ትክክለኛው ስሙ ቪ-12 ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ሰዉ የለመደው ኤምአይ-12ን ነው። ኔቶ ደግሞ "ሆመር" የሚል የኮድ ስም አውጥቶለታል።

"ኤምአይ" የመጣው ከነዳፊው ከሚል የአባት ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ነው። ሩሲያኖቹ "ሚ" ብለው ነው የሚያነቡት። እኛ አገር "ኤም አይ" ማለት ስለተለመደ እኔም እንደዚያው ጽፌዋለሁ።

ትልቅ ሲባል ምን ያህል ነው?

ሁለት ሮተሮች አሉት፤ ሮተር የምለው ከላይ የሚሽከረከረውን ነው። ከአንደኛው ጫፍ እስከ ሌላኛው ጫፍ 67 ሜትር ነው። ቦሌ የምናየው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ ሄሊኮፕተሩ በወርድ ይበልጣል። ሰውነቱ ግን 37 ሜትር ብቻ ነው፤ ከርዝመቱ ወርዱ የሚበልጥ ጉድ ነው።

ባዶውን 69 ቶን ይመዝናል። ጭኖ ሲነሳ እስከ 105 ቶን ይደርሳል። የጭነት ክፍሉ 28 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱም ቁመቱም 4.4 ሜትር ነው። ስድስት ሠራተኞች አሉት፤ የሚቀመጡበት ክፍል ባለ አንድ ፎቅ ነው። አብራሪዎቹ ታች፣ ናቪጌተሩ (አቅጣጫ መሪው) እና የሬዲዮ ሠራተኛው ላይ ናቸው። ፎቶውን መጀመሪያ ሳይ በኮምፒውተር የተቀናበረ ነበር የመሰለኝ።

ምን እንዲሸከም ነው የታሰበው?

ሚሳኤል። በዚያ ዘመን የሶቪየት አህጉር አቋራጭ ሚሳኤሎች ረጃጅምና ከባዶች ነበሩ። ማጓጓዝ የሚቻለው ሐዲድ ወይም ደህና መንገድ ባለበት ብቻ ነው። ሳይቤሪያን የሚያህል አገር ይዞ ሚሳኤልን ከሐዲድ ዳር ብቻ ማስቀመጥ ደግሞ ያሳዝናል፤ ጠላትም የት እንደሚፈልግ አይቸገርም።

እቅዱ እንዲህ ነበር። አንቶኖቭ አን-22 የተባለው ትልቁ የጭነት አውሮፕላን ሚሳኤሉን ቅርብ ወዳለው አየር ማረፊያ ያመጣዋል። ኤምአይ-12 ከዚያ ይቀበለውና መንገድ ወደሌለበት ጫካና ረግረግ ያደርሰዋል። የሄሊኮፕተሩ የጭነት ክፍል ወርድና ቁመት ከአን-22 ጋር እኩል የሆነው ለዚህ ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር የማይገባ ጭነት እንዳይኖር ተብሎ ነው።

ለምን አንድ ትልቅ ሮተር አልተደረገለትም?

ሰዉ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

ሄሊኮፕተር ብዙ እንዲሸከም ከፈለግህ ሮተሩን ታሳድጋለህ። ሮተሩ ሲያድግ ግን ቀስ ብሎ መዞር አለበት። አለዚያ የብሌዶቹ (የሮተሩ መቅዘፊያዎች) ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋና ችግር ይጀምራል። ቀስ ብሎ የሚዞርን ከባድ ነገር ለማዞር ደግሞ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል ብዙ ነው። ያንን ኃይል ችሎ ከሞተሩ ወደ ሮተሩ የሚያሻግረው ጊርቦክሱ ነው፤ የመኪና ሰዎች ካምቢዮ የሚሉት። የተጫነ ተሳቢ ይዞ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ የተንፏቀቀ ሹፌር ካምቢዮው ምን እንደሚያይ ያውቃል። የትልቅ ሄሊኮፕተር ካምቢዮ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ዳገት ላይ ነው።

የሚል ቢሮ ይህንን በራሱ ላይ አይቶታል። በ1957 የበረረው ኤምአይ-6 የ35 ሜትር ሮተር ነበረው። ሮተሩ በደቂቃ 120 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ካምቢዮው ብዙ ያለፋቸው ነበር። ከዚያ የሚበልጥ እንደገና ከዜሮ መጀመሩን ተዉትና ሌላ መላ መቱ። የኤምአይ-6ን ሮተር፣ ካምቢዮና ጥንድ ሞተር ሁለት ሁለት አድርገው ወሰዱት። ሞተሮቹን ብቻ ከ5,500 ወደ 6,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አደረጓቸው። አራት ሞተር፣ በድምሩ 26,000 የፈረስ ጉልበት። በአጭሩ ኤምአይ-12 ማለት ሁለት ኤምአይ-6 በአንድ አካል ላይ ነው። ይህን ስል ማናናቄ አይደለም፤ የሚያውቁትን ዕቃ መጠቀም ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ታዲያ እንደ ቺኑክ ከፊትና ከኋላ ለምን አላደረጓቸውም?

ያንንም አጥንተውታል፤ ቺኑክ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሮተር ያለው የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ነው። ከፊትና ከኋላ ሲሆን የኋላው ሮተር የሚያገኘው የፊተኛው ያመሰውን አየር ነው። ንዝረት ይመጣል፣ ጉልበትም ይባክናል። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ሁለቱም ያልተነካ አየር ያገኛሉ። ወደ ፊት ሲበር ደግሞ ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ረጅም ክንፍ ስለሚሆኑ ጉልበት ይቆጥባሉ። በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩም አንዱ የአንዱን የመጠምዘዝ ግፊት ያጠፋዋል። ስለዚህ ጭራው ላይ ትንሽ ሮተር አያስፈልግም፤ ለሱ ይውል የነበረው ጉልበትም ለጭነት ይሆናል።

ዋጋው ክብደት ነው። ሞተሮቹንና ሮተሮቹን ከሰውነቱ አርቆ የሚይዝ ክንፍና የብረት ማገር ያስፈልጋል። ይህ ማገር እንዳይንቀጠቀጥ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ጠንካራ ከሆነ ይከብዳል። በኋላ ወደዚህ እንመለሳለን።

ክንፉ ለምን ተገልብጦ ተሠራ?

ልብ ብሎ ላየው ሰው ያስገርማል። የአውሮፕላን ክንፍ ሥሩ ጋ ሰፊ፣ ጫፉ ጋ ጠባብ ነው። የዚህኛው ግን ሰውነቱ ጋ ጠባብ ሆኖ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል። ምክንያቱ ሮተሩ ወደ ታች የሚገፋው አየር ነው። ሮተሩ መሐሉ አካባቢ ብዙም አየር አይገፋም፤ ኃይለኛው ንፋስ የሚወርደው ወደ ብሌዶቹ ጫፍ ነው። ክንፉ ከሮተሩ መሐል ሥር ሲደርስ ቢሰፋ ጉዳት የለውም። ሰውነቱ ጋ ግን የብሌዶቹ ጫፍ ከላዩ ስለሚያልፍ፣ እዚያ ቢሰፋ ሮተሩ የራሱን ክንፍ ወደ ታች እየገፋ ይለፋል።

ሁለቱ ሮተሮች አይጋጩም? የአንድ ወገን ሞተሮች ቢጠፉስ?

አይጋጩም፣ ምንም እንኳ ዙሪያቸው መሐል ላይ ሦስት ሜትር ያህል ቢደራረብም። ሁለቱን ካምቢዮዎች በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል። አንዱ ሲዞር ሌላው የግድ እኩል ይዞራል። የአንዱ ብሌድ መሐል ሲደርስ የሌላው አልፎ ሄዷል።

የዚሁ ዘንግ ሁለተኛ ጥቅም ለሞተር ብልሽት ነው። በአንድ ወገን ያሉት ሁለት ሞተሮች ቢጠፉ፣ የሌላው ወገን ሁለቱ በዘንጉ በኩል ሁለቱንም ሮተሮች ያዞራሉ። ይህ ባይኖር ኖሮ አንድ ወገን ሲጠፋ ሄሊኮፕተሩ ይገለበጥ ነበር።

በመጀመሪያው በረራው ተከስክሷል የሚባለው እውነት ነው?

አልተከሰከሰም። ሰኔ 27 ቀን 1967 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ሲነሳ ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። አብራሪው ቶሎ መለሰው፤ ሲያርፍ ግን አንድ ወገን በኃይል መሬት መታ። ጎማ ፈነዳ፣ ቸርኬው ተጣመመ። የምዕራባውያን ጋዜጦች ይህንን ሰምተው ሄሊኮፕተሩ ወደመ ብለው ጻፉ። ወሬው እስከ ዛሬ የሚዞረው ከዚያ የተነሳ ነው።

የውዝዋዜው ምክንያት የኮክፒቱ፣ ማለትም የአብራሪዎቹ ክፍል፣ ወለል ንዝረት ነበር። አብራሪው ወደ ጎን ለማዘንበል መሪውን ሲገፋ የሄሊኮፕተሩ ሰውነት ይነቃነቃል፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ንዝረቱ ተመልሶ በመሪው በኩል ወደ ሮተሩ ይሄዳል። ሮተሩ ደግሞ የባሰ ያነቃንቀዋል። ይህንን ለማስተካከል አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። ሐምሌ 10 ቀን 1968 በደንብ በረረ።

44 ቶን ማንሳቱስ?

እሱ እውነት ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1969 የሙከራ አብራሪው ቫሲሊ ኮሎቼንኮ ከነባልደረቦቹ 44,205 ኪሎ ግራም ይዞ 2,255 ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ። በኛ ስሌት 442 ኩንታል ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የሚጭነውን ያህል እህል ወደ ሰማይ አወጣ እንደማለት። ከዚያ ወዲህ ይህንን የሰበረ ሄሊኮፕተር የለም።

ከፍታውን አስተውሉ፤ ከአዲስ አበባ በመቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚያንሰው። ይህን ያዩ ሰዎች "እኛ ጋ 44 ቶን ያነሳ ነበር ማለት ነው?" ይላሉ። ማለት አይደለም። ከዝቅተኛ ቦታ ተነስቶ እየበረሩ እዚያ ከፍታ መድረስ አንድ ነገር ነው። አየሩ ከሳሳበት ደጋ ላይ ከመሬት መላቀቅ ሌላ ነው፤ ያኛው ብዙ ጉልበት ይበላል። በዚያ ላይ ይህ የክብረ ወሰን በረራ ነው። ለዘወትር ሥራ የታሰበለት ጭነት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነበር።

ሚስጥራዊ የጦር መሣሪያ ከሆነ ፓሪስ ላይ ምን ይሠራ ነበር?

በ1971 በፓሪስ ለ ቡርዤ የአቪዬሽን ትርዒት ላይ ቀርቦ የሰዉን አፍ አስከፍቷል። ሶቪየቶች ያኔ ስለ ሚሳኤሉ ጉዳይ ትንፍሽ አላሉም፤ ሩቅ አካባቢ ላሉ የነዳጅና የጋዝ ፕሮጀክቶች ይሆናል ዓይነት ነበር ወሬው። የአሜሪካ የሄሊኮፕተር ማኅበርም በሲኮርስኪ ስም የሚጠራውን ሽልማት ሰጥቶታል። ሲኮርስኪ ራሱ አብዮቱን ሸሽቶ አሜሪካ የገባ የኪየቭ ልጅ ነው። በስሙ የተሰየመውን ሽልማት ሶቪየቶች መውሰዳቸው ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።

ሚካኢል ሚል ግን ፓሪስን አላየም። ጥር 31 ቀን 1970 አርፏል። ቢሮውን የተረከበው ማራት ቲሽቼንኮ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ካደረገ ለምን አልተመረተም?

መብረር ስላቃተው አይደለም። ከተጠየቀው በላይ ሠርቷል። የቀረው የተጠየቀበት ምክንያት ነው። መንግሥት ያዘዘው በ1965 ነው። ሁለተኛው ናሙና በ1972 ተገጣጥሞ ሞተር ሲጠብቅ ቆየና በ1973 በረረ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት የሚሳኤሎቹ ነገር ተለወጠ። ግዙፍ ሚሳኤል በፍጥነት ጫካ ውስጥ ወስዶ የመትከሉ ፍላጎት ቀረ። ሚሳኤሉ ከሌለ ኤምአይ-12 ለማን ይሠራል?

ለተራ የጦር ጭነት ደግሞ በጣም ትልቅ ነበር። አራት ሞተር፣ ሁለት ካምቢዮ፣ 67 ሜትር ወርድ። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) የሚገኝለት የት ነው? ጫካ ውስጥ ለማሳረፍ የተሠራ ሆኖ ለማረፊያ የሚፈልገው ሜዳ ራሱ ቀላል አይደለም። በ1974 ሥራው ቆመ።

አሁን የት ናቸው?

ሁለቱም አሉ፣ ሁለቱም ሞስኮ አካባቢ ናቸው። አንደኛው ሞኒኖ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ደጅ ላይ ቆሟል። ሌላኛው በሚል ፋብሪካ ግቢ ነው የቀረው።

ኢትዮጵያ መጥቶ ያውቃል?

አያውቅም። "አባቴ አይቶታል" የሚሉ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ኤምአይ-6 ይመስለኛል። እሱም ቢሆን ለዓይን ግዙፍ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ኤምአይ-6ዎች የጦር ተሽከርካሪ ተሸክመው ተራራውን በመሻገር ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አራግፈዋል። ካራማራና ጅጅጋ ነፃ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም.። ስለዚህ የኤምአይ-12ን ሮተር ያየ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት አይቻልም። ዓይነቱ ያው ነው፣ ግን ግማሹን ነው ያየው።

አሜሪካኖቹ ተመሳሳይ አልሞከሩም?

ሞክረዋል፤ የሁለቱም ሙከራ ጣጣ ካምቢዮው ነበር። በ1952 የሃዋርድ ሂዩዝ ኩባንያ ኤክስኤች-17 የሚባል ጉድ አበረረ። የሮተሩ ስፋት 40 ሜትር ገደማ ነው። ካምቢዮን ለመሸሽ ሲሉ ከሞተሩ የሚወጣውን ግፊት በብሌዶቹ ውስጥ አሳልፈው ጫፋቸው ላይ ነዳጅ አቃጠሉ። ሮተሩ በራሱ ጫፍ ጄት እየተገፋ ይዞራል። ዘዴው ሠርቷል። ግን ጫጫታው አይጣል ነው፤ ነዳጅም እንደ ጉድ ይጠጣል። ከ64 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ አይችልም ነበር። አንዱ ብቻ ተሠርቶ ቀረ።

በ1970ዎቹ ደግሞ ቦይንግ ለአሜሪካ ምድር ጦር ኤክስሲኤች-62ን ጀመረ። እንደ ቺኑክ ከፊትና ከኋላ ሮተር አለው፤ እያንዳንዱ 28 ሜትር ነው። በሙከራ ጊዜ የካምቢዮው ጥርሶች አስቸገሩ፣ ወጪ ናረ። የባሕር ኃይሉ ወገን በበኩሉ መርከብ ላይ የማይገባ ሄሊኮፕተር አልፈልግም ብሎ ወደ ሲኮርስኪው ሲኤች-53ኢ አዘነበለ። ኮንግረስ በ1975 ገንዘቡን ሲያቆም ናሙናው አልቆ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን አንድም ቀን አልበረረም። አላባማ ያለ ሙዚየም ውስጥ ለዓመታት ቆሞ በ2005 ተቆራረጠ። ከኤምአይ-12 ዕድል ጋር ሲተያይ ይኸኛው ያሳዝነኛል።

ኤምአይ-26 የሚሸከመው የኤምአይ-12ን ግማሽ ነው። ታዲያ ለምን እሱ ተመረጠ?

ክርክር የሚያስነሳው ጥያቄ ይህ ነው። ኤምአይ-26 የሚል ቢሮ በኋላ የሠራው ከባድ ሄሊኮፕተር ነው፤ በ1977 በረረ። 20 ቶን ይጭናል፤ ኤምአይ-12 እስከ 40 ይችል ነበር። ግን የራሳቸውን ክብደት እዩ። ኤምአይ-26 ባዶውን 28 ቶን ገደማ ነው። ለእያንዳንዱ የራሱ ቶን 700 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። ኤምአይ-12 ግን 69 ቶን ሆኖ 40 ነው፤ 580 ኪሎ ቢደርስ ነው። ልዩነቱን የበላው ያ ክንፍና ማገር፣ ያ ሁለት ሁለት የሆነው ነገር ሁሉ ነው።

ኤምአይ-26 አንድ ሮተር ብቻ ነው ያለው፤ 32 ሜትር፣ ስምንት ብሌድ። እያንዳንዳቸው 11,400 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች ያዞሩታል። ሁለቱ ተደምረው ከኤምአይ-12 አራት ሞተሮች ብዙም አያንሱም። ይህን ሁሉ ጉልበት በአንድ ዘንግ የሚያሳልፍ ካምቢዮ ያስፈልግ ነበር። በ1965 የሸሹትን ካምቢዮ በ1970ዎቹ ተቀምጠው ሠሩት፤ ያውም እዚያው የሚል ቢሮ ውስጥ። ይህ ካምቢዮ ከተሠራ በኋላ ሮተሮችን ጎን ለጎን መስቀሉ ምክንያት አልነበረውም።

ኤምአይ-26 ዛሬም ይሠራል። በ2002 አፍጋኒስታን ተራራ ላይ ሁለት የአሜሪካ ቺኑኮች ተበላሽተው ሲቀሩ፣ አሜሪካኖቹ አንድ ሲቪል ኤምአይ-26 ተከራዩ። ቺኑኮቹን በየተራ በገመድ አንጠልጥሎ ይዟቸው ወረደ።